የሊዝ ማስታወቂያው ቃል ሳይፈጸም ሲቀር፦ ከመክሰስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አሜሪካ ውስጥ መኪና ሊዝ ለማድረግ ዲለር ቤት ከሚገቡት ብዙዎቹን ከቤታቸው ያስወጣቸው ማስታወቂያ ነው። «ለነባር ደንበኞች 2,000 ዶላር ቅናሽ»፣ «የቀሩዎትን 3 ወራት ክፍያ እኛ እንሸፍናለን»፣ «የቤት ቻርጀር በነፃ እንገጥማለን»፣ «ሲፈርሙ ምንም አይከፍሉም»። ከዚያ ይፈረማል፣ ቁልፍ ይቀበላሉ፣ አንድ ሁለት ወር ያልፋል። ቅናሹ ሂሳቡ ላይ አልታየም፣ ቼኩም አልመጣም፣ ቻርጀር የሚገጥመው ሰውም አልደወለም። ዲለሩ ጋ ሲደውሉ «እሱ የካምፓኒው ጉዳይ ነው» ይሉዎታል። ካምፓኒው ጋ ሲደውሉ ደግሞ «ዲለርዎን ያነጋግሩ»።

እንዲህ ያጋጠመው ሰው የሚከላከልለት ሕግ አለው፤ ያውም ከአንድ በላይ። የትኛው እንደሚጠቅመው ግን የሚወሰነው ቃሉን በገባው ሰው፣ ቃሉ በሰፈረበት ወረቀትና ባለፈው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ከማይመለከተው ወገን ጋር በስልክ ሲመላለስ ቀኑ ስለሚያልፍበት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጠበቃ ከመፈለግዎ ወይም «ይቅርብኝ» ከማለትዎ በፊት የሚከተሉትን ያጣሩ።

ቃሉን የገባልዎ ማን ነው?

በአንድ ሊዝ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። አንደኛው አምራቹ ነው። ሁለተኛው ዲለሩ ነው፤ በሩ ላይ የአምራቹን ስም ቢሰቅልም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ የግል ድርጅት ነው። ሦስተኛው የፋይናንስ ኩባንያው ነው። ሲፈርሙ በአከራይነት የሚጻፈው በአብዛኛው ዲለሩ ሲሆን ወዲያው ውሉን ለፋይናንስ ኩባንያው ያስተላልፈዋል፤ በየወሩ የሚከፍሉትም ለዚሁ ኩባንያ ነው።

የነባር ደንበኛ ቅናሽና «ሊዝ ካሽ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከአምራቹ የሚመጣ ገንዘብ ነው። የቀሩ ወራት ክፍያ ምሕረት የሚመጣው ከአምራቹ ወይም ከእሱ የፋይናንስ ኩባንያ ነው። «የድሮ መኪናህን ዕዳ እኛ እንዘጋለን»፣ «ጎማውን እንቀይርልሃለን» የሚለው ግን የዲለሩ የራሱ ቃል ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው የአምራቹ ገንዘብ በዲለሩ እጅ ማለፉ ነው። ዲለሩ ቅናሹን ከእርስዎ ሂሳብ ላይ ቀንሶ በመኪናው ቪን ቁጥር ከአምራቹ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት መጀመሪያ የሚያቀርቡት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «በዚህ ቪን ቁጥር ይህ ቅናሽ ለዲለሩ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?» ተከፍሏል ካሉዎት ክርክሩ የእርስዎን ገንዘብ ከያዘው ዲለር ጋር ነው። አልተከፈለም ካሉ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ወይ ዲለሩ ሳይጠይቅ ቀርቷል፣ ወይ እርስዎ መስፈርቱን አላሟሉም ተብሏል። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልዎና የጉዳዩን መዝገብ ቁጥር እንዲሰጡዎት አጥብቀው ይጠይቁ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ፣ በሲያትልም ሆነ በዳላስ፣ ዲለር ቤት የሚሠራ የአገር ልጅ አይጠፋም። «ወንድሜ፣ አታስብ፤ እኔ አስተካክልልሃለሁ» ሲል ልብ ያርፋል። ሰውየው ከልቡ ብሎት ሊሆንም ይችላል። በሕግ ዓይን ሻጭ ሥራው ላይ ሆኖ የተናገረው የዲለሩ ንግግር ነው፤ ሻጩ ሥራ ለቆ ሲሄድ ግን እንዲህ ብሎ ነበር ለማለት ምስክሩ እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። ድርድሩ በአማርኛ ሆኖ ውሉ በእንግሊዝኛ መሆኑም ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም። ካሊፎርኒያ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ ለተደረገ ድርድር የውሉ ትርጉም እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ አላት፤ አማርኛ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም።

ቅናሹን ከውሉ መስመሮች ውስጥ ይፈልጉት

የ1976ቱ የፌዴራል የሸማቾች ሊዝ ሕግና «ሬጉሌሽን ኤም» የተባለው ደንብ አከራይ ወጪውን ሁሉ በተወሰነ ቅርጽ አስቀምጦ እንዲያሳይ ያስገድዳሉ። ውልዎን ያውጡና ሲፈርሙ የሚከፈለው ገንዘብ የተዘረዘረበትን ቦታ ይፈልጉ። ገንዘቡ በምን እንደተከፈለ የሚያሳይ ክፍል አለው፤ አንዱ መስመር አሮጌ መኪና ሰጥተው ከሆነ ዋጋውን፣ ሌላው «ሪቤትስ ኤንድ ነንካሽ ክሬዲትስ» በሚል የቅናሾችን ድምር፣ የመጨረሻው በጥሬ ገንዘብ የከፈሉትን ያሳያል። 2,000 ዶላሩ በዚህ በመካከለኛው መስመር ውስጥ ካልተካተተ መኪናው ላይ አልተቀነሰልዎትም ማለት ነው። በ36 ወር ሊዝ ላይ 2,000 ዶላር ሲከፋፈል በወር 55 ዶላር ከ56 ሳንቲም ይሆናል፤ የኪራይ ወለዱ ሳይጨመር።

እዚያ መታየቱ ብቻውንም አይበቃም። «ግሮስ ካፒታላይዝድ ኮስት» የሚለውን የመኪናውን ጠቅላላ ዋጋ ከተስማሙበት ዋጋ ጋር ያስተያዩ። ቅናሹ በአንድ መስመር ገብቶ ዋጋው በሌላ መስመር በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ከሆነ የተሰጠዎት ነገር የለም። የድሮ ዕዳዎን እንዘጋለን ተብለው ከነበረም የጠቅላላ ዋጋውን ዝርዝር ይጠይቁ፤ የቀድሞ ብድር ወይም ሊዝ ቀሪ ሂሳብ በአዲሱ ውል ላይ ተደምሮ ከሆነ እዚያ ይታያል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህንኑ «ምንም ያህል ዕዳ ቢኖርብዎ እንከፍላለን» የሚል ማስታወቂያ አስነግረው ዕዳውን መልሰው በደንበኛው ላይ ደምረዋል ያላቸውን አምስት ዲለሮች በ2012 ከሷል።

ቃሉ ውሉ ውስጥ ከሌለስ?

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የሊዝ ውሎች በመጨረሻ ገጻቸው አካባቢ «በመካከላችን ያለው ስምምነት ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ ይይዛሉ። ይህን ይዘው ዲለሮች በቃል የተባለው ሁሉ ዋጋ የለውም ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደሉም። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሰውን በሐሰት አሳምኖ ማስፈረም በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም፤ የሸማቾች ጥበቃ ሕጎችም አሳሳች ማስታወቂያን ራሱን እንደ ጥፋት ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ «ዊ ኦው» የሚባለው ወረቀት ነው። ዲለሩ ሲፈርሙ ያላስረከበውን፣ በኋላ ግን የሚሰጠውን ነገር የሚጽፍበት ቅጽ ነው። ብዙ ጊዜ በወረቀቶቹ ክምር ውስጥ «ምንም የለም» ተብሎ ተሞልቶ ይቀርብና ሰው ሳያነብ ይፈርመዋል። ገና ካልፈረሙ ይህን ወረቀት ራስዎ ይጠይቁ፤ ቃሉን ከቀኑ ጋር ያስጽፉበት። ፈርመው ከሆነ የፈረሙበትን ቅጂ ይፈልጉ።

ማስታወቂያው ራሱስ? በአጠቃላይ ማስታወቂያ «ኑና እንደራደር» የሚል ግብዣ እንጂ አስገዳጅ ውል አይደለም። ዝርዝሩ ቁርጥ ያለና ለድርድር ቦታ የማይተው ሲሆን ግን ፍርድ ቤቶች እንደ ውል ሐሳብ ይይዙታል። የሕግ ተማሪዎች ሁሉ የሚያነቡት የ1957ቱ የሚኒሶታ ጉዳይ አለ፦ አንድ መደብር የፀጉር ካባ ቀድሞ ለመጣ ሰው በ1 ዶላር እሸጣለሁ ብሎ በጋዜጣ አወጣ፤ ቀድሞ የመጣውን ሰው ግን ቅናሹ ለሴቶች ብቻ ነው ብሎ መለሰው። ፍርድ ቤቱ ለሰውየው ፈረደለት። ስምዎ ተጽፎ፣ የኮድ ቁጥር ይዞ፣ «እስከዚህ ቀን ሊዝ ካደረጉ ይህን ያህል እንሰጣለን» የሚል ደብዳቤ ከአምራቹ ደርሶዎት ከነበረ በእጅዎ ያለው ከተራ ማስታወቂያ በጣም የጠነከረ ነገር ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይሰብስቡ፦ ደብዳቤውን፣ የማስታወቂያውን ፎቶ ከታች ካሉት ደቃቅ ፊደላት ጋር፣ ከሻጩ ጋር የተላላኩትን ቴክስት፣ የደወሉበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም። ድምፅ ስለ መቅዳት ግን ይጠንቀቁ። በቨርጂኒያና በዲሲ የሚነጋገረው ሰው ራሱ ቢቀዳ ሕጉ ይፈቅድለታል። በሜሪላንድ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ስቴት ግን ሌላው ወገን ሳይስማማ የግል ንግግርን መቅዳት ወንጀል ሊሆን ይችላል። ከስልኩ በኋላ «ዛሬ እንዲህ ብለውኛል፤ ስህተት ካለ ያርሙኝ» የሚል አጭር ኢሜይል መላክ የበለጠ ያገለግላል።

የቃሉ ልክ ምን ነበር?

ደቃቁን ጽሑፍ እንደ ተከሳሽ ጠበቃ ሆነው ያንብቡት። «ከዲለሩ ክምችት ውስጥ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ መኪናውን የተረከበ» የሚል ሐረግ በጣም የተለመደ ነው። ከፋብሪካ ታዞ ዘግይቶ የመጣ መኪና በዚህ አንድ ሐረግ ከቅናሹ ይወጣል። የቀሩ ወራት ምሕረትም ብዙ ጊዜ የድሮውን መኪና በተወሰነ ቀን መመለስንና አዲሱን ከዚያው የፋይናንስ ኩባንያ ሊዝ ማድረግን የሚያስገድድ ቅድመ ሁኔታ አለው።

በኤሌክትሪክ መኪና የተፈጠረው ግራ መጋባት ጥሩ ማሳያ ነው። ሊዝ ላይ እስከ 7,500 ዶላር የሚደርሰው የፌዴራል ታክስ ክሬዲት በሕጉ የሚከፈለው ለአከራዩ ነበር። አከራዩ ለደንበኛው እንዲያስተላልፈው የሚያስገድድ ነገር ሕጉ ውስጥ አልነበረም። የተላለፈው ማስታወቂያውና ውሉ ስላሉት ብቻ ነው። ክሬዲቱ ከመስከረም 30 ቀን 2025 (በፈረንጆቹ) በኋላ ለተያዙ መኪናዎች ቀርቷል። «መንግሥት የሰጠኝን ወሰዱብኝ» ብሎ መክሰስ አይሆንም፤ «እናስተላልፋለን ብለው በጽሑፍ ቃል ገብተውልኝ ነበር» ማለት ግን ይቻላል።

የቶዮታ ሚራይ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በሃይድሮጅን የሚሄደውን ይህን መኪና ካሊፎርኒያ ውስጥ ለያዙ ሰዎች እስከ 15,000 ዶላር የሚደርስ የነዳጅ ካርድ ይሰጥ ነበር። ካርዱ ተሰጥቷል። ነገር ግን ሃይድሮጅን የሚሸጡ ጣቢያዎች አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሲደርቅ፣ ሼልም በ2024 መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ ያሉትን የቤት መኪና ጣቢያዎቹን ሲዘጋ፣ ሰዎች ካርድ ይዘው ነዳጅ አጡ። በዚያው ዓመት በአምራቹ ላይ ክስ ቀርቧል። ፊደሉን ብቻ ካየን ቃሉ ተፈጽሟል። ሰው መኪናውን የያዘው ግን ነዳጅ እቀዳበታለሁ ብሎ ነው። የእርስዎም ጉዳይ እንዲህ ዓይነት ከሆነ የሚከራከሩት ስለ ውል መፍረስ ሳይሆን ሲያስተዋውቁ ስለሚያውቁትና ስለደበቁት ነገር ይሆናል፤ ይህ ያለ ጠበቃ አይሞከርም።

የትኛው ሕግ ይደግፍዎታል?

የፌዴራሉ የሊዝ ሕግ የሚሠራው ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት ለተያዘ፣ ከ4 ወር ለሚበልጥ ሊዝ ነው። ጠቅላላ ክፍያውም በየዓመቱ ከሚወጣው ጣሪያ ማለፍ የለበትም፤ ለ2025 ጣሪያው 71,900 ዶላር ነበር። ወርሃዊ ክፍያን የጠቀሰ ማስታወቂያ ነገሩ ሊዝ መሆኑን፣ ሲፈረም የሚከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ፣ የክፍያዎቹን ብዛትና መጠን እንዲያሳይ ሕጉ ያስገድዳል። ይህን በጣሰ አከራይ ላይ በግል ክስ ከደረሰው ጉዳት ሌላ የወርሃዊ ክፍያዎቹ ድምር 25 በመቶ ሊፈረድ ይችላል፤ ከ200 ዶላር አያንስም፣ ከ2,000 ዶላር አይበልጥም። የጠበቃ ወጪም ይጨመርበታል። ክሱ ሊዙ በተቋረጠ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን የየክፍለ ግዛቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕጎች ናቸው። ቨርጂኒያ የደረሰውን ጉዳት ወይም 500 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ትሰጣለች፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ እስከ ሦስት እጥፍ ወይም 1,000 ዶላር። ዲሲ ሦስት እጥፍ ወይም ለእያንዳንዱ ጥሰት 1,500 ዶላር ትፈቅዳለች። ሜሪላንድ የደረሰውን ጉዳትና የጠበቃ ወጪ ታስከፍላለች። ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ ከክስ በፊት የ30 ቀን፣ ቴክሳስ የ60 ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይፈልጋሉ።

ቀኑን ይቁጠሩ። በቨርጂኒያ የሸማቾች ሕግ የይርጋው ጊዜ 2 ዓመት ነው። «ሊዙ ሲያልቅ መኪናውን ስመልስ እጠይቃቸዋለሁ» ብሎ የ36 ወሩን መጨረሻ የሚጠብቅ ሰው ከዚህ ሕግ ውጭ ሆኖ ይገኛል።

ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቼ ይህን ልብ ይበሉልኝ። መኪናውን በዋናነት ለሥራ ከያዙት የፌዴራሉ የሊዝ ሕግ አይሸፍንዎትም፤ ብዙዎቹ የክፍለ ግዛት ሕጎችም እንዲሁ። ከዚህም በላይ ብዙ የሊዝ ውሎች መኪናውን ሰው በክፍያ ለማመላለስ መጠቀምን ይከለክላሉ። የራስዎ ውል ይህን የሚከለክል ከሆነ ክስ ከመጀመርዎ በፊት ለጠበቃ በግልጽ ይንገሩ፤ ሌላው ወገን በመልሱ ላይ ያነሳብዎታል።

በ2023 መጨረሻ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዲለሮችን የሚመለከት ጠንካራ ደንብ አውጥቶ እንደነበር የሰማ ይኖራል። በጥር 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሰርዞታል፤ በእሱ ላይ አይመኩ። ለኮሚሽኑ አቤቱታ ማቅረብ አሁንም ይቻላል፣ በኮሚሽኑ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ግለሰብ በራሱ መክሰስ ግን አይችልም።

ፍርድ ቤት ወይስ አርቢትሬሽን?

ውልዎ ውስጥ አለመግባባት በአርቢትሬሽን፣ ማለትም በግል ዳኛ፣ እንዲታይና በጋራ እንዳይከሱ የሚያደርግ አንቀጽ ሳይኖር አይቀርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያሉ አንቀጾችን አጽንቷል። ዲለሮች ራሳቸው ከአምራቾች ጋር ሲጣሉ በግዳጅ ወደ አርቢትሬሽን እንዳይሄዱ የሚጠብቃቸውን ሕግ በ2002 ከኮንግረስ አግኝተዋል። ለደንበኛው ግን ይህ አልተሰጠም፤ ፍትሐዊ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም።

ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንዳንድ ውሎች ከፈረሙ በኋላ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ በደብዳቤ ከአንቀጹ መውጣት ይፈቅዳሉ፤ ቀኑ ካላለፈ ዛሬውኑ ይላኩ። ብዙዎቹ አነስተኛ ክስ የሚታይበትን ፍርድ ቤት ክፍት ይተዋሉ። አንቀጹን ያልፈረመው አምራች ሊጠቀምበት መቻሉም አከራካሪ ነው፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 ፎርድ ዲለሩና ገዢው በፈረሙት ውል ተመርኩዞ የዋስትና ክሶችን ወደ አርቢትሬሽን ሊወስድ አይችልም ብሏል።

ምን ይጠይቃሉ፣ ምን አያደርጉም

ወርሃዊ ክፍያዎን አያቁሙ። በጣም ያናድዳል፣ ይገባኛል። ነገር ግን ክፍያ ባቆሙ ጊዜ ውል አፍራሹ እርስዎ ይሆናሉ፤ መኪናው ይወሰዳል፣ ክሬዲትዎ ይጎዳል፣ የ2,000 ዶላሩም ጥያቄ ይረሳል። «በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለው ወሬም ለዚህ አይሠራም፤ የፌዴራሉ የ3 ቀን ደንብ ዲለር ቤት ውስጥ የተፈረመ የመኪና ውልን አይነካም።

የተባለልዎትን ገንዘብ መጠየቅና ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የተለያዩ ናቸው። ለ2,000 ዶላር ቅናሽ ውል የሚያፈርስ ዳኛ ማግኘት ይከብዳል። መኪናውን የያዙበት ዋና ምክንያት በሐሰት ከተነገረዎት ግን ይቻል ይሆናል፤ ያኔም ሳይዘገዩ ማስታወቅ አለብዎ፣ ወራት እየነዱ መቆየት ያዳክመዋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ቃል ገባ፣ እርስዎ ምን አሟሉ፣ ስንት ይፈልጋሉ፣ እስከ መቼ። በሰርቲፋይድ ሜይል ለዲለሩ፣ ለአምራቹና ለፋይናንስ ኩባንያው ይላኩ። መልስ ካልመጣ ለክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍልና ለዲለሩ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት ያመልክቱ፤ በቨርጂኒያ ይህ የሞተር ቪሂክል ዲለር ቦርድ ነው። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ማስተርጎም አለባቸውና አስተርጓሚ ይጠይቁ።

የአነስተኛ ክስ ጣሪያ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ 5,000፣ በዲሲ 10,000፣ በካሊፎርኒያ ለግለሰብ 12,500 ዶላር ነው። ለጠፋ ቅናሽ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ገንዘቡ ከዚያ ካለፈ ወይም ማታለል ካለበት የሸማቾች ጠበቃ ያነጋግሩ፤ ሕጉ የጠበቃ ወጪን በተሸናፊው ዲለር ላይ ስለሚጥል ቅድሚያ ሳያስከፍሉ የሚይዙ አሉ።

ኩባንያው ቼክ ከላከ ከመመንዘርዎ በፊት በቼኩና አብሮት በመጣው ደብዳቤ ላይ ያለውን ያንብቡ። «ለሙሉ ክፍያ» የሚል በግልጽ ተጽፎበት ከሆነ መመንዘሩ ክርክሩን ሊዘጋው ይችላል። በጋራ ክስ የሚመጡ ፖስታዎችንም እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አይጣሉ። ሀዩንዳይና ኪያ በ2012 የነዳጅ ፍጆታቸውን አሳስተው መናገራቸው ሲታወቅ ካሳው ሊዝ ያደረጉትንም ይጨምር ነበር። በ2016ቱ የቮልስዋገን ዲዝል ስምምነትም ሊዝ የያዙ ሰዎች ያለ ቅጣት ውላቸውን አቋርጠው ገንዘብ እንዲቀበሉ ተፈቅዶ ነበር፤ ለዚህ ግን በተሰጠው ቀን ቅጹን ሞልቶ መላክ ያስፈልግ ነበር።